ሱስ የሚያክም የሥነ ልቦና ተማሪ እንዴት ይሰልጥን?

ደሴ ላይ ለሥነ ልቦና ተማሪዎችና መምህራን ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፣ አነጋገሩን ግን አልነካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተማሪዎች አላችሁ፣ መምህራን አላችሁ፣ ከሆስፒታል የመጣችሁ የሳይካትሪ ነርሶችም አላችሁ። ከኋላ ደግሞ ጥቂት ወላጆች ተቀምጠዋል። ወላጆች በመምጣታቸው በጣም ደስ ብሎኛል። ምክንያቱን ቆይቼ እናገራለሁ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንድ ተማሪ በሥነ ልቦና ሲመረቅ ፍሮይድን ያውቃል፣ ስኪነርን ያውቃል፣ ስታቲስቲክስም አልፏል። ከዚያ ኮምቦልቻ ትምህርት ቤት ውስጥ ወይም ደሴ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ እንበል። በመጀመሪያው ወር በሩን የሚያንኳኳው ማን ነው? ጫት መተው ያቃተው ወጣት ነው። ሳይጠጣ እንቅልፍ የማይወስደው አባወራ ነው። ልጇ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ እያወጣ የሸጠባት እናት ናት። ተመራቂው ግን እንዲህ ያለ ሰው ፊት ተቀምጦ፣ ልምድ ያለው ሰው እየሰማው፣ ሠርቶ አያውቅም። ስለ ሱስ የተማረው ሌላ ኮርስ ውስጥ እንደ አንድ ምዕራፍ ነው። ለፈተና አጠናው፣ ከፈተናው በኋላ ረሳው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የሚመዘዘው፦ ሥራውን ሲሠራ ማንም ሰምቶት የማያውቅን ተማሪ ሱስ አክም ብለን መላክ የለብንም።

ይህን የምለው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ዊሊያም ሚለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አሳተመ። የመጠጥ ችግር ያለባቸውን ሰዎች የሚያክሙ አማካሪዎችን ነው የተከታተሉት። የሚሰጡት ሕክምና ተቀራራቢ ነው። ከ6 ወር በኋላ ግን የታካሚዎቹ ውጤት በጣም ተለያየ። ከልዩነቱ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው አማካሪው ሰውየውን ምን ያህል ከልቡ አዳምጦ ተረድቶታል ከሚለው ጋር ተያያዥ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ እነ ሚለር ሌላ ነገር አዩ። አማካሪው ታካሚውን በተጋፈጠ፣ በተከራከረ፣ ባፋጠጠ ቁጥር፣ ታካሚው ከአንድ ዓመት በኋላ የሚጠጣው ይበዛ ነበር። እስቲ ይቺን ነገር ቆም ብላችሁ አስቧት። ሰውየውን ልንረዳው ገብተን፣ በአነጋገራችን ብቻ ልናባብስበት እንችላለን ማለት ነው።

ስለ ስልጠናም እንዲሁ የተጠና ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት በሱስ ሕክምና የሚሠሩ 140 ባለሙያዎችን በተለያየ መንገድ አሰለጠኑ። አንዳንዶቹ ወርክሾፕ ብቻ ተካፈሉ። አንዳንዶቹ ከወርክሾፑ በኋላ የሥራቸው ቅጂ እየተሰማ አስተያየት ተሰጣቸው፣ ወይም አሠልጣኝ በስልክ ተከታተላቸው፣ ወይም ሁለቱንም አገኙ። ሌሎቹ ደግሞ ራሳቸው አንብበው እንዲማሩ ተደረገ። ክትትል ያገኙት በችሎታ በለጡ። ከሁሉም በላይ እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ውጤት ነው፦ ባለሙያዎቹ ስለ ራሳቸው ችሎታ የሰጡት ግምት፣ ሲሠሩ ተቀርጾ ከተሰማው ችሎታ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ጎበዝ ነኝ ያለው ሁሉ ጎበዝ አልሆነም፣ ደካማ ነኝ ያለውም ሁሉ ደካማ አልሆነም። ሰው የራሱን የማማከር ሥራ ራሱ መመዘን አይችልም። ሌላ ጆሮ ያስፈልጋል።

እዚህ አገር ስልጠና እንዴት እንደሚካሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሆቴል አዳራሽ፣ ፓወር ፖይንት፣ የሻይ ዕረፍት፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬት። ስልጠናው መሰጠቱን አልቃወምም። ከዚያ በኋላ ማንም አለመከታተሉን ነው የምቃወመው።

አሁን መስማት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳያችሁ። ተማሪዎችን ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀምጣለሁ። አንዱ ባጃጅ ነጂ ይሆናል፣ ሌላው ባለሙያ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሙከራ እንዲህ ነው የሚሄደው፦

«በየቀኑ ነው የምትቅመው?»
«አዎ፣ ከምሳ በኋላ።»
«ለጤናህ ጥሩ እንዳልሆነ ታውቃለህ አይደል?»
«አውቃለሁ።»
«ታዲያ ለምን አትተወውም? ሚስት አለችህ፣ ልጅ አለህ። ገንዘቡን ብትቆጥበው እኮ ቁም ነገር ትሠራበታለህ።»
«እሺ፣ እሞክራለሁ።»

ጨዋታው እዚያ ላይ አለቀ። እኛ አገር «እሺ፣ እሞክራለሁ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሰውን ላለማስቀየም ነው። ሰውየው ተነሥቶ ይሄዳል፣ ሁለተኛም አይመለስም። ደግሞ የተነገረው ነገር ሁሉ እውነት ነው፣ ችግሩ እሱ አይደለም። ሰውየው ይህን ምክር ከእናቱ ሰምቶታል፣ ከሚስቱ ሰምቶታል፣ ከሽማግሌ ሰምቶታል፣ ከቄሱ ወይም ከሼሁ ሰምቶታል። እናንተ ዘንድ የመጣው አምስተኛ መካሪ ፈልጎ አይደለም።

ሌላውን እንሞክር።

«እንግዲህ ከምሳ በኋላ ነው የሚጀመረው።»
«አዎ። ካልቃምኩ መንዳት አልችልም፣ ዓይኔ ይከደናል።»
«ሥራህን ይዞልህ ቆይቷል።»
«ድሮማ አዎ። አሁን ግን የማገኘውን ግማሹን ራሱ ይበላዋል። ማታ ደግሞ እንቅልፍ የለም።»
«የሚሰጥህና የሚወስድብህ አልመጣጠን ብሎሃል።»
«ልክ ነህ ወንድሜ። በቀደም ልጄ ደብተር ግዛልኝ ስትለኝ ኪሴ ባዶ ነበር። እንዲህ ሆኜ መቀጠል አልችልም።»

አያችሁ? ባለሙያው አንድም ጥያቄ አልጠየቀም፣ አንድም ምክር አልሰጠም። ሰውየው ያለውን ተቀብሎ፣ ትንሽ ወደፊት ገፋ አድርጎ መለሰለት። «መቀጠል አልችልም» የሚለውን ቃል ያወጣው ሰውየው ራሱ ነው። ሰው ደግሞ ከሌላ ከሰማው ይልቅ ራሱ ለተናገረው ይታመናል። ይህ አሠራር ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ ይባላል። ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ጀምሮት በኋላ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር አሳደገው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ ሲሠሩት ግን ያልባል፤ ምክንያቱም እኛ ያደግነው ተመክረን ነው፣ ሰው ሲቸገር ስናይ መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው «እንዲህ አድርግ» ነው፣ ያ ልማድ ደግሞ ፍቅር ያለበት ልማድ ስለሆነ ለመተው ይከብዳል።

ስለዚህ ልምምዱ በስልካችሁ ይቀረጽ። ከዚያ ቃል በቃል ወደ ወረቀት ይገልበጥ። ስንት ጥያቄ ጠየቅኩ? ስንቱን ሰምቼ መለስኩለት? ስንት ጊዜ መከርኩ? ቁጠሩት። በዘርፉ በሚሠራበት መለኪያ መሠረት ለአንድ ጥያቄ ቢያንስ አንድ የመመለስ ንግግር፣ ማለትም ሰውየው ያለውን ተቀብሎ መልሶ ማሰማት፣ ይጠበቃል፣ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ከሆነ ጥሩ ነው ይባላል። የተማሪ የመጀመሪያ ቅጂ ላይ ጥያቄው እንደ ፖሊስ ምርመራ ተደርድሮ ነው የሚገኘው። ተስፋ አትቁረጡ። በሦስተኛው በአራተኛው ቅጂ ይለወጣል።

አሁን ወደ አካባቢያችን ልምጣ። ኮምቦልቻ የመንገድ መገናኛ ናት። ከሚሌ በባቲ አድርጎ የሚመጣው የወደብ መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ ከሚሄደው ጋር እዚያ ይገናኛል። ደረቅ ወደብ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ፋብሪካዎች አሉ። ሌሊት የሚነዳ ሾፌር አለ፣ በፈረቃ የሚሠራ ወጣት አለ። እንቅልፍ ለማባረር ብሎ ጫት የጀመረ ብዙ ሰው ታገኛላችሁ።

አንድ እንዲህ ያለ ሰው ውሎውን እንከተለው። ከሰዓት አንድ ዙርባ ጫት ይዞ በርጫ ይቀመጣል። ይመረቅናል። ሐሳቡ ይፈጥናል፣ ወሬው ይጣፍጣል፣ ድካሙ ይጠፋል። ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ስለዚህ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል፣ ጨብሲ የምንለው ነው፣ ቢራ ወይም አረቄ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ይተኛል። ጠዋት አፉ ደርቆ፣ ራሱ ከብዶት፣ በትንሽ ነገር እየተናደደ ይነሣል። እስከ ምሳ እንደምንም ይቆያል። ከዚያ ሐራራው ይመጣል። ሁለት ሦስት ቀን ልተወው ቢል ደግሞ ዱካኩ አለ፣ የሚያስጮህ ቅዠት፣ ቀን ሙሉ ድብርት። እንደገና ይቅማል። ሲጋራዋ በየመሀሉ አለች።

ይህ ሰው እናንተ ዘንድ መጥቶ «ችግሬ መጠጥ ነው» ሊላችሁ ይችላል። ጫቱን እንደ ችግር አይቆጥረውም። ስለ አልኮል ያለውን ምዕራፍ ብቻ ያጠና ተማሪ መጠጡን ብቻ ይይዛል። ጥቂት ቀን ይሳካለታል። ጫቱ ግን እንዳለ ነው፣ ምርቃናው እንዳለ ነው፣ እንቅልፉም የለም። ከዚያ ሰውየው ተመልሶ ይጠጣል፣ ተማሪው ደግሞ «ፍላጎት የለውም» ብሎ ይጽፍበታል። ይህን ዓረፍተ ነገር ከመዝገብ ላይ ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ፍላጎት የለውም ከማለታችሁ በፊት የውሎውን ሰንሰለት በወረቀት ላይ ከሱ ጋር ሆናችሁ ሣሉ። ከመቃምህ በፊት በነበረው አንድ ሰዓት ውስጥ ምን ሆነ? ማን ደወለ? ኪስህ ውስጥ ገንዘብ ነበር? ተጣልተህ ነበር? ከዚያ የትኛው ቀለበት ሊበጠስ እንደሚችል እሱ ራሱ ያሳያችኋል። ለአንዱ የደመወዝ ቀን ነው። ለሌላው አንድ ጓደኛ ነው። ለሌላው የመቃሚያ ሰዓቱን ቀደም ማድረግ ብቻ የማታውን መጠጥ ይቀንስለታል። መተው ወይም መቀነስ የሚለውንም ከሰውየው ጋር ነው የምትወስኑት።

ስለ ጫት አንድ ነገር ልጨምር። ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን የሚባለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው የለየው፣ አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ነው። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል። በኮባ የሚጠቀለለው፣ የጫት መኪናም እንደዚያ የሚበረው ለዚህ ነው። ለናንተ ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ለጫት ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ሐኪሙ የሚያዝለት ክኒን የለም። ያለን ሕክምና እናንተ የምትማሩት ሙያ ነው። እንግዲህ ይህን ሙያ በደንብ ሳናስተምር ብንቀር፣ ለዚህ ሰው ሌላ የሚሰጠው ነገር የለም።

ከሌላ ክልል የመጣችሁ ተማሪዎች ደግሞ ይህን እወቁ። ወሎ ውስጥ ጫት ከዱዓና ከወዳጃ፣ ማለትም ተሰብስቦ ከሚደረግ ጸሎት፣ ጋር የተያያዘ ቦታም አለው። በሳምንት አንድ ቀን ለዱዓ የሚቀመጥን አባት ሱሰኛ ብላችሁ ብትጀምሩ ወዲያው ታጡታላችሁ፣ ደግሞም ልክ አይደላችሁም። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ ለሱስ 11 መስፈርቶች አሉት። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስቱ ከተገኙ ቀላል፣ አራት ወይም አምስት ከሆኑ መካከለኛ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከባድ ይባላል። መስፈርቶቹ የሚጠይቁት ነገሩ ሕይወቱን ምን አደረገበት፣ መቆጣጠር ቻለ ወይስ አልቻለም ነው። መቃሙ ብቻ ምርመራ አይሆንም።

አሁን የምናገረው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ስለሆነ ጻፉት። ጫት በድንገት ቢቆም ሰው ይጨነቃል፣ ይተኛል፣ ይቃዣል፣ ይደበራል። ራሱን ለመጉዳት ማሰቡን መጠየቅ አለባችሁ፣ ማቆሙ በራሱ ግን አይገድልም። አልኮል ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ካቆመ፣ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊያንቀጠቅጠውና ሊጥለው ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ቦታና ሰዓት መሳት፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን ሊመጣ ይችላል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። ሕክምናው ሆስፒታል ነው፦ እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት በሐኪም ቁጥጥር፣ ቫይታሚን ቢ1፣ ፈሳሽ።

ስለዚህ ማንኛውም የሥነ ልቦና ተማሪ መጀመሪያ ቀን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ጠዋት ሲነሡ እጅዎ ይንቀጠቀጣል? እንዲቆም ብለው በማለዳ ይጠጣሉ? ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ጥሎዎት ያውቃል? የሌለ ነገር አይተው ያውቃሉ? መልሱ አዎ ከሆነ «ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ» ማለት አይቻልም። የዚያን ቀን ወደ ሐኪም ይላካል፣ ቢቻል ራሳችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ቤተሰብ ሰውየውን ክፍል ውስጥ ቆልፎ ወይም ሩቅ ጠበል ወስዶ በድንገት እንዲያቆም ሲያደርግ አደጋ እንዳለው ዕወቁ። እምነታቸውን አትንኩ። «ጠበሉም ይሂዱ፣ ዱዓውም ይደረግ፣ መጀመሪያ ግን ሐኪም ይየው» በሏቸው። ይህን ብላችሁ በአክብሮት ስታስረዱ እምቢ የሚል ቤተሰብ ብዙ አይደለም።

የመጠየቂያ ቅጾችን በአጭሩ ልለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት ኦዲት የሚባል 10 ጥያቄ ያለው የአልኮል መጠየቂያ አለው፣ ከ40 ነው የሚታረመው፣ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ጠለቅ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል። ለሌሎች ዕፆችም ጭምር አሲስት የሚባል አለ። ሁለቱንም ተለማመዱ። ቅጹ ላይ ያለው «አንድ መጠጥ» ግን 10 ግራም አልኮል ተብሎ የታሰበ ነው፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ጠላ በጣሳ፣ አረቄ በመለኪያ ነው። 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 5 በመቶ ቢሆን ወደ 13 ግራም አልኮል አለው። አረቄው 40 በመቶ፣ መለኪያዋ 50 ሚሊ ሊትር ብትሆን አንዷ መለኪያ ወደ 16 ግራም ትይዛለች። «ሁለት ሦስት ብቻ ነው የምወስደው» የሚል ሰው ሲመጣ ታዲያ ዕቃው ምን ያህል እንደሆነ በእጁ ያሳያችሁ።

አሁን ወደ ወላጆች ልመለስ፣ ቃል ገብቼ ነበርና። ደሴ ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው ሱስ ያለበት ሰው ራሱ አይደለም፣ እናቱ ናት። ወይ ሚስቱ፣ ወይ ታላቅ እህቱ። ተማሪዎቻችን ለዚህች እናት ምንም አልተዘጋጁም። «ልጅዎን ይዘውት ይምጡ» ብለው ይሸኟታል። እሷ እኮ ማምጣት ብትችል ኖሮ ይዛው ትመጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት ስለዚህ ጉዳይ ትልቅ ነገር ያስተምራል። ሕክምና አልፈልግም የሚል ጠጪ ዘመድ ያላቸው 130 ሰዎች በሦስት ተከፍለው ተረዱ። አንደኛው ቡድን እንደ አል-አኖን ባለ የቤተሰብ መደጋገፊያ መንገድ ተረዳ፣ 13 በመቶ የሚሆኑት ጠጪዎች ሕክምና ገቡ። ሁለተኛው ቤተሰብ ተሰብስቦ ሰውየውን በድንገት ፊት ለፊት እንዲናገረው የሚያዘጋጅ ነበር፣ 30 በመቶ ገቡ። ሦስተኛው ክራፍት የሚባለው ነው። ቤተሰቡ ራሱ ሠለጠነ፣ በዚህ ጊዜ 64 በመቶ ገቡ። ምን አሠለጠኗቸው? ሰውየው ሰክሮ ሲመጣ ከመጮህ ይልቅ ዘወር ማለትን። ሳይጠጣ በመጣበት ቀን ደግሞ ቤቱ እንዲሞቅ፣ የሚወደው እንዲሠራ፣ አብረው እንዲቀመጡ። ዕዳውን አለመክፈልን፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ «ታሞ ነው» ብሎ አለመዋሸትን። ለሕክምና የሚጋበዝበትን ጥሩ ሰዓት መምረጥን። ከሁሉ በፊት ደግሞ ዱላ ካለ እሷና ልጆቹ የሚጠበቁበትን መንገድ። ይህን ማንም እናት ልትማረው ትችላለች። የእኛ ተማሪ ግን መጀመሪያ «እማማ ይቀመጡ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ማለትን መልመድ አለበት። ለዓመታት ስለ ልጇ ብቻ ስትጠየቅ ለኖረች ሴት ይህ ጥያቄ ራሱ ብዙ ነው። ወላጆች ዛሬ በመምጣታችሁ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። የሕክምናው አካል ናችሁ።

ሌላው ነገር ከተማችን ትንሽ መሆኗ ነው። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ስትሄዱ ስንት ሰው ሰላም ትላላችሁ? ታካሚያችሁን ሠርግ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ለቅሶ ላይ ታገኙታላችሁ። ሰላም ብትሉት ሚስቱ «ከየት ታውቀዋለህ?» ልትለው ነው። ዝም ብትሉት ደግሞ ኮራብኝ ይላል። መጻሕፍቱ ይህን አይነግሯችሁም። መጀመሪያ ቀን በግልጽ ተነጋገሩበት፦ «መንገድ ላይ ብንገናኝ እንዴት ብንሆን ይሻላል?» ብላችሁ እሱ ይወስን። በተለይ ሃይማኖቱ መጠጥን አጥብቆ የሚከለክለው ሰው፣ ወይም ተደብቃ የምትቅም ወይም የምትጠጣ ሴት፣ ነውሩ እጥፍ ስለሆነ ምስጢር ካልተጠበቀ ጭርሱን አይመጡም። አረቄ እየሸጠች ልጆች የምታሳድግ ሴት ራሷ መጠጥ ውስጥ ብትገባ «መጠጥ ካለበት ቦታ ራቂ» ማለት እንጀራሽን ተዪ ማለት ስለሆነ፣ እሷ ጋ ሌላ ነገር ማሰብ ይኖርባችኋል።

ጦርነቱንም ሳልጠቅስ አላልፍም። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንዳሳለፉ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ተፈናቅሎ የተመለሰ አለ፣ ሰው የሞተበት አለ፣ ለማንም ያልተናገረችው ነገር የደረሰባት አለች። ሌሊት የሚመጣበትን ምስል ለማጥፋት የሚጠጣ ሰው መጠጡን ብቻ ብትነጥቁት ምስሉ አብሮት ይቀራል። «መጀመሪያ መጠጡን ተው፣ ከዚያ ስለሌላው እንነጋገራለን» የሚባለው የድሮ አካሄድ አይበቃም። ሁለቱ ጎን ለጎን መታከም እንደሚችሉ አሁን ይታወቃል። ተማሪው ሁለቱንም የሚይዝበት ችሎታ ከሌለው ደግሞ ለማን እንደሚያስተላልፍ ማወቅ አለበት።

ተመልሶ ስለመጀመርም አንድ ነገር። ጦሙን በስሕተት የፈታ ሰው «እንግዲህ አንዴ ፈትቻለሁ» ብሎ ቀኑን ሙሉ እንደሚበላው፣ አንድ ቀን የቃመ ሰውም «በቃ አልሆነልኝም» ብሎ ጥረቱን ይተዋል። አንዷን ቀን ወደ አንድ ወር የሚያዘልቃት ይሄ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ሳይሆን በፊት ተዘጋጁበት። «ብትቅም በማግስቱ ለማን ትደውላለህ?» ብላችሁ ስሙንና ስልኩን አጽፉት። ሲመለስ ደግሞ ፊታችሁ አይጥቆር። የተቆጣ ፊት ካየ ሌላ ጊዜ ይዋሻችኋል።

ተማሪዎች፣ እናንተንም ልንገራችሁ። ፈተና ሲደርስ የሚቅም፣ ቅዳሜ የሚጠጣ ከናንተ መሀል አለ። ይህ ሙያ አይገባህም አልለውም። ግን ከሱፐርቫይዘሩ ጋር በግልጽ ሊነጋገርበት ይገባል። እየቃመ ያለ ሰው ስለ ጫት ሲያማክር ወይ በጣም ይለሳለሳል ወይ በጣም ይጨክናል። ትምህርት ክፍሉም ይህን የሚናገር ተማሪ የማይቀጣበትን ቦታ ያዘጋጅ።

መምህራንን የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ለዚህ ጉዳይ ስጡ። ተግባር ልምምዱ ሱስ ያለበት ሰው በእውነት በሚገኝበት ቦታ ይሁን፦ ሆስፒታሉ የሳይካትሪ ክፍል፣ ማረሚያ ቤት፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ክሊኒክ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች። የሳይካትሪ ነርሶችን እንደ አሠልጣኝ ጋብዙ፤ እነሱ መንቀጥቀጥና ቅዠት ያለበትን ሰው ሌሊት ተቀምጠው አይተውታል። ፈተናው ደግሞ ከወረቀት ላይ ይውረድ። ግማሹ ውጤት ከተቀረጸ ሥራ ይሁን።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን እጨምራለሁ።

አንዲት ተማሪ «ቅሞ ወይም ጠጥቶ ቢመጣስ እንመልሰው?» አለች። አትመልሱት። ሰክሮ ከሆነ ረጅም ውይይት አይሆንም፣ ግን በሰላም ቤቱ መድረሱን አረጋግጡ፣ ሌላ ቀን ቅጠሩት፣ በማግስቱ ደውሉ። መርቅኖ ከሆነ ብዙ ያወራል፣ ብዙ ቃል ይገባል። ስሙት፣ ግን ዕቅድ አታውጡ። ዕቅዱን ሳይቅም በሚመጣበት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ጠዋት፣ አውጡት።

አንድ ተማሪ ደግሞ «የሚከታተለን ሰው ባይኖርስ ምን እናድርግ?» አለ። እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ በሱስ ላይ የሠለጠነ ሱፐርቫይዘር በየቦታው የለም። ሦስት ሦስት ሁኑ። በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰዓት። አንዱ ታካሚ ይሁን፣ አንዱ ባለሙያ፣ ሦስተኛው አይናገር፣ ብቻ በወረቀት ይቁጠር። ቀጥሎ ቦታ ተቀያየሩ። በወር አንድ ጊዜ ከቅጂዎቹ አንዱን ለመምህራችሁ ወይም ለሳይካትሪ ነርስ አሰሙ። ቅጂው ላይ እውነተኛ ታካሚ ካለ ፈቃዱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ስሙን አትጥሩ፣ ከተሰማ በኋላ አጥፉት።